የተወጠረ ጎማና ዝቅ ያለ መኪና፦ ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ሰፊ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ መወጠር ያምራል ወይስ ያስጠላል? የመኪና ወዳጆችን እንደ ቡናና ጊዮርጊስ ደጋፊ ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን «መኪናው መሬት ላይ ተኝቶ፣ ቸርኬው ከፓራፋንጎው ጋር ልክ ሲሆን እንዴት እንደሚያምር አታዩም?» ይላል። ሌላው «ጎማ የተሠራው ለመንገድ እንጂ ለፎቶ አይደለም» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ዝቅ ያለ መኪና እወዳለሁ፣ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ግን ክርክሩን ባዳመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለተለያየ መኪና ነው። አንዱ በልቡ የያዘው ቸርኬው ግማሽ ኢንች የሰፋ መኪና ነው። ሌላው የሚታየው የቸርኬው ጠርዝ ራቁቱን የቀረ፣ ጎማው ሊወልቅ የደረሰ መኪና ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚሊሜትርና በኪሎ ይለካል። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ፣ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንመዝን።

ነገሩ ከየት መጣ

በጃፓን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ እንደ ቶዮታ ሴልሲየርና ኒሳን ሲማ ያሉ ትልልቅ የቤት መኪኖችን መሬት አስጠግቶ መንዳት ፋሽን ሆነ። በጣም ሰፊ ቸርኬ ዝቅ ባለ ፓራፋንጎ ስር እንዲገባ ጎማው መጥበብ ነበረበት። ጃፓኖች የተወጠረውን ጎማ «ሂፓሪ» ይሉታል። መኪናን በጎን እያንሸራተቱ የሚነዱ የድሪፍት ሰዎችም ወደዱት። ጎኑ የተወጠረ ጎማ ስለማይልፈሰፈስ መሪው ሲዞር ቶሎ ይታዘዛልና።

በአውሮፓ ደግሞ የፎልክስዋገን ጎልፍ ወዳጆች ያዙት። ኦስትሪያ ውስጥ በቬርተርዜ ሐይቅ ዳር፣ ራይፍኒትስ በምትባል ቦታ፣ ከ1982 ጀምሮ ለዓመታት ይደረግ በነበረው የጂቲአይ (የጎልፍ ስፖርት ሞዴል) ወዳጆች ስብሰባ ይህ ስታይል ጎልቶ ታይቷል። 165/50አር15 ጎማ (ስፋቱ 165 ሚ.ሜ ነው) በ8 ወይም በ9 ኢንች ቸርኬ ላይ ተወጥሮ ማየት እዚያ ብርቅ አልነበረም። ከዚያ ካሊፎርኒያ ወሰደችው፣ በኢንተርኔት ፎቶ ደግሞ ዓለም አዳረሰ።

መጀመሪያ መለኪያው

ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመሸከም አቅም ነው። የጎማችሁን ጎን ተመልከቱ። ለምሳሌ 205/55አር16 91ቪ ይላል። 205 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ያለው ድርሻ ነው፤ እዚህ 113 ሚ.ሜ አካባቢ ይመጣል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሕይወታችሁን የሚመለከተው ግን ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል። 87 ከሆነ 545 ኪሎ፣ 84 ከሆነ 500 ኪሎ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቪ ጎማው እስከ 240 ኪ.ሜ በሰዓት መቋቋሙን ይናገራል።

ኤክስኤል የሚል ጽሑፍ ካለ ጎማው የተጠናከረ ነው። ግን ቁጥሩ ላይ የሚደርሰው ነፋሱ 2.9 ባር፣ ማለትም 42 ፒኤስአይ ሲሆን ነው። 32 ሞልታችሁ ከነዳችሁ ሙሉ አቅሙን አላገኛችሁም። ይህን የሚነግር የጎማ ሻጭ ብዙ አይገጥምም።

ሁለተኛው መለኪያ የተፈቀደ የቸርኬ ስፋት ነው። እያንዳንዱ የጎማ ልክ ከስንት እስከ ስንት ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ እንደሚገጠም አምራቾች በሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ። 205/55አር16 ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች ነው። 225/45አር17 ከ7 እስከ 8.5፣ 215/45አር17 ከ7 እስከ 8፣ 205/40አር17ም ከ7 እስከ 8 ናቸው። በዚህ ክልል ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ጎማው ትንሽ ቢወጠርም አምራቹ የሚያውቀው ውጥረት ነው። ከክልሉ ስትወጡ ኃላፊነቱን ብቻችሁን ተሸከማችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዲያሜትር ነው። ጎማው ከፋብሪካው ጎማ ካነሰ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ መኪናውም መሬት ይጠጋል። እኔ ልዩነቱ ከ2 በመቶ ባያልፍ እመርጣለሁ።

አራተኛው ቦታ ነው፦ ወደ ውጭ በፓራፋንጎ በኩል፣ ወደ ውስጥ በሾክ በኩል። ይህን የሚወስኑት የቸርኬው ስፋትና ኦፍሴቱ ናቸው። ኦፍሴት ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊሜትር፤ ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ተብሎ ከቁጥር ጋር ይቀረጻል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የቸርኬውን ስፋት ወደ ሚሊሜትር ቀይሩና ለሁለት አካፍሉ። ከዚያ ላይ ኢቲውን ብትቀንሱ የውጭውን ታገኛላችሁ፣ ብትደምሩ የውስጡን። የአሁኑን ቸርኬና የምትገዙትን በዚህ አስሉና አወዳድሩ።

ከዚያ መኪናው ላይ ለኩ። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ክር ጫፍ ላይ ከበድ ያለ ዳዶ እሰሩና እንደ ግንበኛ ቱንቢ ከፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ልክ ከጎማው መሃል በላይ፣ ወደ ታች ልቀቁት። ክሩ ጸጥ ሲል ከክሩ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን በማስመሪያ ለኩ። አራቱንም ጎማ ለኩ። ግራና ቀኝ በብዙ ያገለገለ መኪና ላይ እኩል አይሆንም፤ በተለይ ተጋጭቶ ቦዲ የተሠራ ከሆነ 5 ሚ.ሜ እንኳ ሊለያይ ይችላል። የምትሠሩት በጠበበው በኩል ነው።

የቀሩት ሁለት መለኪያዎች መንገዱና ሕጉ ናቸው። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ምሳሌ መኪና

ለንጽጽሩ ፎልክስዋገን ጎልፍ 5ን እንውሰድ። ክርክሩ ከየትኛውም መኪና በላይ በጎልፍ ዙሪያ የጦፈ ነው። መነሻ ጎማው 205/55አር16 ደግሞ ብዙ ኮሮላና ሲቪክም የሚጠቀሙት ነው። የጎልፉ ቸርኬ 6.5 ኢንች ስፋት፣ ኢቲ 50 ነው። ብሎኖቹ 5፣ የክባቸው ዲያሜትር 112 ሚ.ሜ፣ የመሃል ቀዳዳው 57.1 ሚ.ሜ። የመሃል ቀዳዳው የሰፋ ቸርኬ ከገዛችሁ የመሃል ቀለበት ያስፈልጋችኋል፤ አለበለዚያ መሪው 80 እና 90 ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ቢሠራም አይለቅም።

አማራጭ አንድ፦ የፋብሪካው ልክ

ብዙ አይወራበትም። 615 ኪሎ በጎማ፣ ረጅም የጎማ ጎን፣ በየጎሚስታው የሚገኝ ልክ። ጉድጓድ ሲገጥማችሁ ግጭቱን የሚቀበለው 113 ሚሊሜትር ላስቲክና ነፋስ ነው፣ ቸርኬው አይደለም። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ አዲስ ቸርኬ ከመግዛት በዚሁ ልክ ጥሩ ጎማ መግዛት ይሻላል። መኪናው አቋሙ ሳይለወጥ አያያዙ ይለወጣል።

አማራጭ ሁለት፦ የጂቲአይ ልክ

ፋብሪካው ራሱ ለጎልፍ ጂቲአይ የሰጠው 7.5 ኢንች፣ ኢቲ 51፣ ከ225/45አር17 ጋር ነው። ዲያሜትሩ ከመነሻው ጋር በ0.4 በመቶ ብቻ ይለያያል። ቸርኬው ወደ ውጭ 12 ሚ.ሜ አካባቢ፣ ወደ ውስጥ 14 አካባቢ ይሰፋል። የመሸከም አቅሙ 91 ላይ ይቆያል። ጎማው በቸርኬው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ የቸርኬውንም ጠርዝ ይሸፍናል። የሚያጣው ውጥረቱን የሚወድ ሰው የሚፈልገውን ያንን ሹል ቅርጽ ነው።

ለሌላ መኪናም መንገዱ ይህ ነው። ከሞዴላችሁ የስፖርት ደረጃ ያለው ምን ጎማና ምን ቸርኬ ይዞ ከፋብሪካ እንደወጣ ፈልጉ። መሐንዲሶቹ ሂሳቡን ሠርተውላችኋል።

አማራጭ ሦስት፦ በገደቡ ላይ የሚቆም ውጥረት

8 ኢንች ቸርኬ፣ ኢቲ 45፣ ከ215/45አር17 ጋር። 8 ኢንች ለዚህ ጎማ የመጨረሻው የተፈቀደ ስፋት ነው። ቸርኬው ግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር ጎማው 5 ሚ.ሜ ያህል ይሰፋል፣ ጎኑ ግን ከጥርሱ ይልቅ ወደ ቸርኬው ተስቦ ትንሽ ያጋድላል። ጎን ለጎን ቆማችሁ ስታዩት የቸርኬው ጠርዝና የጎማው ጎን በአንድ መስመር ይመጣሉ። ክርክሩን ያስነሳው ውበት አብዛኛው እዚህ ላይ ይገኛል፣ ከአምራቹም ሠንጠረዥ አልወጣችሁም።

ወደ ውጭ 24 ሚ.ሜ፣ ወደ ውስጥ 14 ሚ.ሜ ይጨምራል። ጎማውን ስትገዙ ይህ ልክ በሁለት ዓይነት እንደሚሸጥ እወቁ፦ 87 እና 91 ኤክስኤል። 91ኛውን ውሰዱ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ የ70 ኪሎው ልዩነት ግን በእያንዳንዱ ጎማ ነው።

አማራጭ አራት፦ ሙሉ ውጥረት

9 ኢንች ቸርኬ፣ ኢቲ 30፣ ከ205/40አር17 84 ኤክስኤል ጋር። ቸርኬው ለጎማው ከተፈቀደው በአንድ ሙሉ ኢንች ይበልጣል። ፎቶ ላይ የምታዩት ይህ ነው። ረጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚያጋንነው እዚህ ላይ ነው።

ከመግጠሙ እንጀምር። ተራ ጎማ ሲገጠም ጠርዞቹ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ስለሚነካኩ ነፋስ ሲገባ ራሱ ገፍቶ ቦታው ላይ ያስቀምጣቸዋል። «ጧ!» ሲል ትሰማላችሁ፣ በአንድ በኩል ከዚያ በሌላው። በተወጠረው ላይ ግን በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ኮምፕሬሰሩ የሚያስገባው ነፋስ በዚያው ይወጣል። በሙያው የሠለጠነ ጎሚስታ በአንድ ጊዜ ብዙ ነፋስ የሚለቅ ታንክ ይጠቀማል። ሌላው የሚቀጣጠል ስፕሬይ ነፍቶ በእሳት ያፈነዳዋል። እሳቱን በፍጹም አትፍቀዱ። ፍንዳታውን ማንም አይቆጣጠረውም፣ የጎማውን ውስጥም ሊጎዳ ይችላል፣ ጉዳቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። በነፋስም ቢሆን ጠርዙን ለማስቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ አትለፉ የሚል ማስጠንቀቂያ ብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ተጽፏል። እንቢ ያለ ጎማ ላይ ነፋስ እየጨመሩ መሄድ ሰው ይገድላል።

አሁን መንገድ ላይ። ተቃዋሚዎች እንደሚሉት ሳይሆን፣ ጎማው ስለተወጠረ ብቻ ከመሬት ተነስቶ አይወልቅም። በትክክል ከተገጠመና ነፋሱ ከሞላ ለዓመታት የሚነዱበት አሉ። አደጋው ነፋሱ ሲቀንስ ነው። የጎማው ጠርዝ ወደ መሃል እየተሳበ ስለሚኖር የሚይዘው የነፋሱ ግፊት ነው። ተራ ጎማ 20 ፒኤስአይ ላይ ለስላሳ ይሆናል። የተወጠረው በዚያው ነፋስ ጠንከር ያለ ኩርባ ላይ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ይህን የመረጠ ሰው በየሳምንቱ ነፋስ ይለካል። በየሳምንቱ ነው የምላችሁ።

ሌላው ክብደቱ ነው። 84 ማለት 500 ኪሎ ነው። ከመነሻው 115 ኪሎ ቀነሰ፣ በአራት ጎማ 460 ኪሎ። ያውም 42 ፒኤስአይ ስትሞሉ። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭናችሁ በፍጥነት መንገድ ላይ ስትሄዱ ጎማው ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ ጎማን ከውስጥ የሚበላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ያለውን ወጥመድ ግን ብዙ ሰው አያየውም። የዚህ ጎማ ዲያሜትር ከመነሻው በ36 ሚ.ሜ ያንሳል፣ 5.7 በመቶ መሆኑ ነው። መለኪያው 100 ሲያሳይ የምትሄዱት በእውነት 94 አካባቢ ነው። መኪናውም በ18 ሚ.ሜ ወረደ። «ደስ ይላል፣ በነፃ ወረደልኝ» ትላላችሁ። ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ በ18 ሚ.ሜ ሰፋ። ያንን ክፍተት ወደነበረበት ለመመለስ ብቻ በሞላ ሌላ 18 ሚ.ሜ ታወርዳላችሁ። እንግዲህ መኪናው 36 ሚ.ሜ ወርዶ ክፍተቱ እንደ ድሮው ነው። መውረዱ ገና ከዚህ በኋላ ሊጀመር ነው። የዘይት መያዣው በስፒድ ብሬከር ላይ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ 52 ሚ.ሜ ወደ ውጭ መውጣቱ አለ። ፓራፋንጎ ማጠፍ፣ ካምበር መጨመር (የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ማጋደል) ግድ ይሆናል። ኩሽኔታውም ከተሠራበት ውጭ ይጫነዋል።

በአንድ እይታ

| | አንድ፦ የፋብሪካ | ሁለት፦ የጂቲአይ | ሦስት፦ በገደቡ ላይ | አራት፦ ሙሉ ውጥረት |
|---|---|---|---|---|
| ቸርኬ | 6.5 ኢንች፣ ኢቲ 50 | 7.5 ኢንች፣ ኢቲ 51 | 8 ኢንች፣ ኢቲ 45 | 9 ኢንች፣ ኢቲ 30 |
| ጎማ | 205/55አር16 | 225/45አር17 | 215/45አር17 | 205/40አር17 |
| የተፈቀደ የቸርኬ ስፋት | 5.5–7.5 | 7–8.5 | 7–8 | 7–8፣ አልፏል |
| አንድ ጎማ የሚሸከመው | 615 ኪሎ | 615 ኪሎ | 545 ወይም 615 ኪሎ | 500 ኪሎ |
| የዲያሜትር ልዩነት | መነሻ | +0.4% | −1% | −5.7% |
| ወደ ውጭ የሚጨምረው | — | 12 ሚ.ሜ | 24 ሚ.ሜ | 52 ሚ.ሜ |
| ወደ ውስጥ የሚጨምረው | — | 14 ሚ.ሜ | 14 ሚ.ሜ | 12 ሚ.ሜ |
| ጉድጓድ ላይ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ይጠነቀቁለታል | ቸርኬው ይመታል |
| ለቤተሰብ መኪና | ይሆናል | ይሆናል | በ91 ጎማ ይሆናል | አይሆንም |

መኪናውን በምን እናውርደው?

ሞላ መቁረጥ ርካሹ መንገድ ነው፣ እኔም አልመክረውም። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ ጫፉ ቦታው ላይ በትክክል አይቀመጥም፣ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወይም ጉድጓድ ሲዘል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል።

ለማውረጃ ተብሎ የተሠራ ሞላ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ከ25 እስከ 35 ሚ.ሜ የሚያወርድ ምረጡ። አሜሪካ ውስጥ አራቱ ከ200 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ሾካችሁ ያረጀ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩ፣ የሠራተኛው ዋጋ አንድ ነው። የሾኩን ጎሚኒም አትርሱ።

ኮይልኦቨር፣ ማለትም ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተሠሩበት ዕቃ፣ ከፍታውን በቁልፍ እንድታስተካክሉ ያስችላል። ጥሩው ከሞላ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በዋጋም በአያያዝም። ርካሹ ግን ከጥሩ ሞላ ያንሳል፣ መኪናውን ያንገጫግጫል እንጂ አይይዝም። ክረምት ላይ መንገድ ጨው በሚረጭበት እንደ ሚኒሶታ ወይም ጀርመን ባለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ የሚስተካከልበት ጥርስ ዝጎ እንዳይያዝ በየወቅቱ መታጠብና መቀባት አለበት።

ኤር ሳስፔንሽን፣ በሞላ ፋንታ ነፋስ የሚሞላ ከረጢት ያለው፣ በጣም ውዱ ነው፣ ግን ሐቀኛው መፍትሔም እሱ ነው። ቆሞ ሲታይ መሬት ይተኛል፣ ስፒድ ብሬከር ሲመጣ ቁልፍ ተጭናችሁ ይነሳል። ኮምፕሬሰር፣ ታንክ፣ ቱቦ፣ ቫልቮላ ይዞ ይመጣል፤ ከነዚህ አንዱ ሲያፈስ መኪናው ጠዋት ተኝቶ ይጠብቃችኋል። መለዋወጫውን ከየት እንደምታገኙ ሳታውቁ አትግቡበት።

በየትኛውም ብታወርዱ አላይመንት ግዴታ ነው። ሁሉም ሰው የውስጥ ጥርሱ ሲያልቅ ካምበርን ይወቅሳል። መጠነኛ ካምበር ጎማን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። በወራት የሚጨርሰው ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው ነው። እሱ ደግሞ በአላይመንት ማሽን ይስተካከላል።

ሕጉ እንደ አገሩ ነው

ጀርመን ያላችሁ ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ለውጡ በቲዩፍ (የመኪና መርማሪ ድርጅት) ታይቶ ካልተመዘገበ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ይወድቃል። ስለዚህ እዚያ የምትገዙት ቸርኬ ከነወረቀቱ ይሁን። እስራኤል ውስጥ የጎማው ልክ የመኪናው ፈቃድ ላይ ተጽፏል፣ በዓመታዊው ምርመራ ያስተያያሉ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ፣ ሜሪላንድ ደግሞ መኪና ሲሸጥና ሲዛወር። ኤምሬትስ ያላችሁ ያለፈቃድ መኪና መቀየር ቅጣት እንደሚያስከትል አትዘንጉ። ጃፓን ውስጥ መኪናው ከመሬት ቢያንስ 9 ሴ.ሜ ከፍ ማለት አለበት። አገር ቤትም ቦሎ ሲታደስ መኪናው ለምርመራ ይቀርባል፣ ከፓራፋንጎ የወጣ ጎማም ማንም ሳይነግረው ይታያል።

ታዲያ የትኛው ለማን?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መኪና ብቻ ያላችሁ፣ ልጆች የምታደርሱበት፣ ለበዓል ክፍለ ሀገር የምትወርዱበት ከሆነ አማራጭ አንድ ወይም ሁለት፣ ያለ ማውረድ። ዋናው አስፋልት ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶንና ኮረኮንች ግን አሁንም ይጠብቃችኋል። በራይድ የምትሠሩ ከሆነ አማራጭ አንድ ላይ ቆዩ። ጎማ ያስቆማችሁ ቀን የሥራ ቀን ኪሳራ ነው።

በገንዘብ የተወሰናችሁና ግን መልክ የምትፈልጉ ከሆነ ያገለገለ የስፖርት ሞዴል የፋብሪካ ቸርኬ ፈልጉ። ሶማሌ ተራም ሆነ ውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ ቤት ውስጥ የፋብሪካ ቸርኬ ከስም የለሽ አዲስ ቸርኬ ይሻላል። ሳትከፍሉ ግልብጥ አድርጋችሁ የጀርባውን ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱ፤ የተበየደ ቦታ እንደ ጠባሳ እጅ ላይ ይታወቃል። ጎማውም ላይ ዶት ከሚለው በኋላ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ስለመሰለ ብቻ አትታለሉ።

ለስላሳ መንገድ ባለበት ከተማ፣ ዳላስም ይሁን ዱባይ፣ የምትኖሩና ዝቅ ያለ መኪና የምትወዱ ወጣቶች፣ ምርጫችሁ አማራጭ ሦስት ከማውረጃ ሞላ ጋር ነው። ገንዘብ ከተረፈ ኮይልኦቨር። የሕግ ገደቡን ካሟላችሁ በየቀኑ ትነዱታላችሁ፣ ስታቆሙትም ዞራችሁ ታዩታላችሁ። ለእኔ ከአራቱ ምርጡ ይህ ነው፣ ወደ አራት የሚያሻግር በቂ ምክንያትም አላገኘሁም።

ለኤግዚቢሽን የተዘጋጀ ሁለተኛ መኪና ያላችሁ ሰዎች አማራጭ አራትን ከኤር ሳስፔንሽን ጋር ልትመርጡ ትችላላችሁ። ያ የእናንተ ጥበብ ነው፣ አልነቅፍም። ግን ከኋላ ሰው አትጫኑበት። ረጅም መንገድ ስትሄዱም የፋብሪካውን ጎማ መልሱ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ፣ አሁን አገር ቤት ቁጥራችሁ እየበዛ ስለሆነ፣ ለብቻ ልንገራችሁ። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያለ መኪና 2 ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ባትሪው ደግሞ ወለሉ ስር ነው። ለእናንተ መወጠርም ማውረድም አይታሰብ። ጎማ ስትቀይሩ ፋብሪካው ካዘዘው የመሸከም ቁጥር በታች የሆነ ጎማ «ልኩ ያው ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

ከተገጠመ በኋላ

የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀቡት። ከኋላ ሁለት ጎልማሳ አስቀምጡና በቀስታ ስፒድ ብሬከር ላይ ውጡ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። ውረዱና ተመልከቱ። ጠመኔው ከተጠረገ ወይም ጎማው ላይ ነጭ መስመር ካለ እየነካ ነው፣ ፍጥነት ላይ ደግሞ ይቆርጠዋል። ብሎኖቹን በኃይል መለኪያ ቁልፍ አጥብቁ፤ ለጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ነው። 80 ወይም 100 ኪ.ሜ ከሄዳችሁ በኋላ መኪናው ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሹ። የጎማውንም ነፋስ በዚያው ለኩ፣ ጠዋት፣ ሳትነዱ።